የዕቃዎች የአጠቃቀም መመሪያ ሥዕሎችና ምልክቶች ከአገር አገር ለምን ይለያያሉ? ሸማቹስ እንዴት ሊረዳቸው ይገባል?

አንድ ቤተሰብ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም መድኃኒት ገዝቶ ማሸጊያውን ሲከፍት ከዕቃው ጋር የአጠቃቀም መመሪያ ያገኛል። መመሪያው በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛ፣ በዓረብኛ ወይም በቱርክኛ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛም ሆነ ሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው ጽሑፉን ትቶ ሥዕሉን ይመለከታል። ሥዕል ቋንቋ አይጠይቅም፣ ለማንም ሰው ግልጽ ነው የሚል እምነትም በስፋት አለ።

ይህ እምነት በከፊል ትክክል ቢሆንም ሙሉ በሙሉ መታመን ግን የለበትም። እያንዳንዱ የመመሪያ ሥዕል ሲዘጋጅ ታሳቢ የተደረገ አንባቢ አለው፤ ሠዓሊው ያ አንባቢ ከየት ወዴት እንደሚያነብ፣ ቀይ ቀለም ምን እንደሚያሳስበው፣ ቀኑን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር አስቀድሞ ገምቷል። መመሪያው ለሌላ አገር አንባቢ ተስሎ ኢትዮጵያዊ ሸማች እጅ ሲገባ መልእክቱ ሊዛባ፣ አንዳንድ ጊዜም ፍጹም ተቃራኒ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቶቹ ከምን እንደሚመነጩ፣ በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ ይበልጥ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግና ሸማቹ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያብራራል።

ሥዕልን መረዳት በልምድ የሚገኝ ችሎታ ነው

ሰው ፊደል ቆጥሮ ማንበብ እንደሚማር ሁሉ ሥዕልንም በልምድ ይማራል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በዚህ ነባር ትውፊት ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ተደርገው ይሳላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ምእመን አንድም ቃል ሳያነብ ማን ማን እንደሆነ ይለያል፤ ሥርዓቱን ያልለመደ የውጭ አገር ጎብኚ ግን ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል። በአንጻሩ በአንድ የማሽን መመሪያ ላይ ሰው በጎን ቢሳል ሠዓሊው የእጁን እንቅስቃሴ በግልጽ ለማሳየት መርጦ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ አንድ ጥናትም ተመሳሳይ ጉዳይ ያሳያል። ጥናቱ የተካሄደው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩና በወቅቱ የታተመ ሥዕል የማየት ልምድ እምብዛም ባልነበራቸው የሜኤን ብሔረሰብ አባላት ዘንድ ነበር። በጨርቅ ላይ በትልቁ የተሳሉ እንስሳት ሲቀርቡላቸው አብዛኞቹ እንስሳቱን ለይተዋል፤ ይሁን እንጂ ለመለየት ጊዜና ጥረት ጠይቋቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሥዕል ለዓይን ቢቀርብም ትርጉሙ የሚገኘው በልምድ ነው። ስለዚህ አንድን ምልክት አለመረዳት የሚያሳፍር ጉዳይ አይደለም።

በየካርቶኑ ላይ የሚታየው የጃንጥላ ምልክት ሌላው ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ጃንጥላ ለዝናብም፣ ለፀሐይም፣ በመንፈሳዊ በዓላትም ለክብር ይዘረጋል። በመሆኑም ምልክቱን ያየ ሰው ካርቶኑን ከፀሐይ መከለል ይበቃል ብሎ ሊያስብ ይችላል። በዓለም አቀፉ የማሸጊያ ምልክቶች ደረጃ ግን ጃንጥላው የሚናገረው ስለ እርጥበት ነው፤ ዕቃው ውኃ እንዳይነካው ያሳስባል። ከፀሐይ ሙቀት መጠበቅ የሚያስፈልገው ዕቃ የራሱ የተለየ፣ ፀሐይ ያለበት ምልክት አለው። በተመሳሳይ ሁኔታ የመጠጥ ብርጭቆ ሥዕል በውስጡ ብርጭቆ ወይም መጠጥ አለ ማለት ሳይሆን ዕቃው ተሰባሪ ነው ማለት ነው፤ ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶችም ካርቶኑ በየትኛው ጎኑ መቆም እንዳለበት ያሳያሉ።

የንባብ አቅጣጫና የሥዕሎች ቅደም ተከተል

የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍለው የሚተርኩት የታወቁ የሸራ ሥዕሎችም ይህንኑ አቅጣጫ ይከተላሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አራት ተከታታይ ሥዕሎች በአንድ መስመር ሲያይ ከግራ መጀመሩ ተፈጥሯዊ ነው።

ዓረብኛና ዕብራይስጥ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ። ለእነዚህ ቋንቋዎች አንባቢዎች ታስቦ በተዘጋጀ መመሪያ ውስጥ የመጀመሪያው ሥዕል በቀኝ በኩል ሊገኝ፣ መጽሐፉም በተቃራኒው ወገን ሊከፈት ይችላል። በጃፓንም በባህላዊው አጻጻፍ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች፣ መስመሮቹ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ የጃፓን የሥዕል ታሪኮችም በአብዛኛው በዚሁ አቅጣጫ ይነበባሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከእስራኤል ዕቃ ይዘው የሚመለሱ ወይም የሚላክላቸው ዜጎች ይህን ሊያስተውሉ ይገባል። የዱቄት ሳሙና ጨምሮ ክዳን መዝጋትና ክዳን ዘግቶ ሳሙና ለመጨመር መሞከር የሚያስከትለው ችግር ቀላል ነው። ኤሌክትሪክን መጀመሪያ ነቅሎ ማሽን መክፈትና ማሽን ከፍቶ ኤሌክትሪኩን መንቀል ግን የሕይወትና የሞት ያህል ይራራቃሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሥዕሎቹ ቁጥር ካላቸው ቁጥሩን መከተል፣ ቁጥር ከሌላቸው ደግሞ ቀስቶችን መፈለግና ዕቃው በየትኛው ሥዕል ላይ ገና በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ማየት ይገባል። የታሸገው ዕቃ ያለበት ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ነው።

ማስጠንቀቂያ የሚቀርብባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች

የአሜሪካ አምራቾች መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ገጾቹ በማስጠንቀቂያ የተሞላ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር አምራቹ ስለ አደጋው በበቂ ሁኔታ ካላስጠነቀቀ በፍርድ ቤት ለከፍተኛ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው በቀለም ደረጃ ይወጣለታል። ቀይ ሰሌዳ ጥንቃቄው ከተጓደለ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት እንደሚደርስ፣ ብርቱካናማ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል፣ ቢጫ ደግሞ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊያጋጥም እንደሚችል ያመለክታል። ሰማያዊ ሰሌዳ በሰው ላይ ሳይሆን በንብረት ላይ ሊደርስ የሚችልን ጉዳት ይመለከታል።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ሥርዓት ደግሞ ከቃል ይልቅ በቅርጽ ላይ ይተማመናል። ቀይ ክብ ከነሰያፍ መስመሩ ክልከላን፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን አደጋን፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታን፣ አረንጓዴ አራት ማዕዘን የመውጫ በርን ወይም የመጀመሪያ ሕክምና መስጫን ያሳያል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሰማያዊ ቀለም በአንዱ ሥርዓት የንብረት ጉዳት ማሳሰቢያ፣ በሌላው ደግሞ መፈጸም ያለበት ትእዛዝ መሆኑ ነው። ጓንት ለብሶ የሚታይ እጅ በሰማያዊ ክብ ውስጥ ካለ ጓንት ማድረግ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

በጃፓን መመሪያዎች ውስጥ ፈገግ የሚሉ፣ የሚያለቅሱ ወይም ላብ የሚያንጠባጥቡ የካርቱን ገጸ ባሕርያት ለአዋቂዎች በተዘጋጁ ዕቃዎች ላይም ጭምር ይታያሉ። ለዚህ ዘይቤ እንግዳ የሆነ አንባቢ መመሪያው ለሕፃናት የተዘጋጀ መስሎት ሊንቀው ይችላል፤ ነገር ግን የሚያለቅሰው ማሽን በሌላ አገር መመሪያ በቢጫ ሦስት ማዕዘን የሚገለጸውን አደጋ ሊያስተላልፍ ይችላል። የስዊድኑ ኢኬያ በበኩሉ የቤት ዕቃዎቹን መገጣጠሚያ መመሪያ ያለ ጽሑፍ በመስመር ሥዕሎች ብቻ በማዘጋጀት ይታወቃል። እንዲህ ያለው መመሪያ የትርጉም ወጪን ይቀንሳል፤ ተጠቃሚው ግን እያንዳንዷን መስመር በጥንቃቄ እንዲመለከት ይጠይቃል።

ቀለም፣ ክብና ኤክስ

ቀይ በብዙ አገሮች የአደጋና የክልከላ ቀለም ነው። በቻይና ግን ቀይ የደስታና የመልካም ዕድል ቀለም ነው፤ በቻይና የአክሲዮን ገበያ ሰሌዳዎች ላይም ዋጋ ሲጨምር በቀይ፣ ሲቀንስ በአረንጓዴ ይታያል። በዚህ ምክንያት በአንድ የቻይና ምርት ማሸጊያ ላይ ቀይ ቀለም መብዛቱ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ላይሆን ይችላል። የቀለሙን ትርጉም ከቅርጹና ከሥዕሉ ጋር አያይዞ መረዳት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ትክክለኛ መልስ ራይት፣ የተሳሳተ መልስ ኤክስ ይደረግበታል። በጃፓን ግን መምህራን ትክክለኛውን መልስ በክብ ያመለክታሉ፤ በእኛ ዘንድ ራይት የምንለው ምልክት እዚያ ለተሳሳተ መልስ ሊውል ይችላል። ልዩነቱ እስከ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ድረስ ዘልቋል። የሶኒ ፕሌይስቴሽን የጨዋታ መሣሪያ በጃፓን ለረጅም ዓመታት ክብን ለማጽደቅ፣ ኤክስን ለመሰረዝ ሲጠቀም፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ተቃራኒው ይሠራበት ነበር። ኩባንያው የጃፓኑን አሠራር ከሌላው ዓለም ጋር ያመሳሰለው እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን ሲያወጣ ነው።

ክብ ሌላም ቦታ ያደናግራል። በማብሪያ ማጥፊያ ላይ የሚታዩት ቀጥ ያለ መስመርና ክብ የመነጩት ከ1 እና ከ0 ነው፤ መስመሩ በርቷል፣ ክቡ ጠፍቷል ማለት ነው። መስመሩ ክቡን ሰንጥቆ በአንድነት ሲታይ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ሲጠፋም ኃይል ከእርሱ ሙሉ በሙሉ እንደማይቋረጥ ያመለክታል። ስለዚህ ከጥገና ወይም ከጽዳት በፊት ስፒናውን ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል።

ሥዕል የተቃራኒውን ሲናገር

የተሳሳተ የሥዕል ንባብ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል የታሊዶማይድ ታሪክ ያስረዳል። ይህ መድኃኒት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በነፍሰ ጡሮች በመወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ከአካል ጉዳት ጋር እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል። በኋላ መድኃኒቱ ከሥጋ ደዌ ጋር ተያይዞ ለሚመጣ ሕመም ጠቃሚ ሆኖ በመገኘቱ በብራዚል በጥብቅ ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ ዋለ። በማሸጊያው ላይም ነፍሰ ጡሮች እንዳይወስዱት ለመከልከል የነፍሰ ጡር ሴት ሥዕል ከነመሰረዣው ተቀመጠ። አንዳንድ ሴቶች ግን ምልክቱን የተረዱት መድኃኒቱ እርግዝናን ይከላከላል በሚል ነበር። ሠዓሊው «ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አትውሰጂ» ሲል አንባቢዋ «ብትወስጂው አታረግዢም» ብላ አነበበችው። ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ንባቦች ግን ተጻራሪዎች ናቸው።

ከእንዲህ ያሉ አጋጣሚዎች ትምህርት በመውሰድ አንዳንድ ዓለም አቀፍ ተቋማት ምልክቶችን ከማጽደቃቸው በፊት በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ መሞከር ጀምረዋል። ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት ትርጉሙን ላልተማረ ሰው ምንም የማይናገር ሆኖ በመገኘቱ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ተጨማሪ ምልክት ይፋ አድርገዋል። አዲሱ ምልክት የሚፈነጥቅ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያሳያል። ከመጽደቁ በፊት ኬንያን፣ ሞሮኮን፣ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ሕንድንና ብራዚልን ጨምሮ በ11 አገሮች በ1,650 ሰዎች ላይ ተሞክሯል።

ሰዓትና ቀን፦ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ

ከሁሉም ልዩነቶች ይልቅ ኢትዮጵያዊ ተጠቃሚን በቀጥታ የሚነካው የሰዓት አቆጣጠር ነው። በአንድ የውጭ አገር መድኃኒት መመሪያ ላይ ፀሐይና 8 ቁጥር ላይ ያለ ሰዓት ቢሳል ትርጉሙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አንባቢው ሥዕሉን በራሱ አቆጣጠር ካነበበው መድኃኒቱን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወስደዋል። ፀሐይዋም ስሕተቱን አታርምለትም፤ በሁለቱም ሰዓቶች ቀን ነውና። አንዱን ሰዓት በውጭው፣ ሌላውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ደግሞ በ12 ሰዓት ልዩነት መወሰድ የሚገባውን መድኃኒት በ6 ሰዓት ወይም በ18 ሰዓት ልዩነት ሊወስደው ይችላል። በመሆኑም መድኃኒት ሲረከቡ የሚወሰድበትን ሰዓት ባለሙያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በማሸጊያው ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው። በማሸጊያ ላይ 03/08/2026 የሚል ቀን ቢታተም በአሜሪካ አጻጻፍ ወሩ ስለሚቀድም ማርች 8 ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። በአውሮፓ አጻጻፍ ቀኑ ስለሚቀድም ኦገስት 3 ማለት ነው፤ ይህም ሐምሌ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። በሁለቱ መካከል አምስት ወር ያህል አለ። በጃፓንና በቻይና ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ይቀድማል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጎ የወሰደ ሰው ደግሞ ምርቱ ገና ብዙ ዓመት ያለው ሊመስለው ይችላል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የ8 ዓመት ልዩነት መኖሩን መዘንጋት አይገባም። ቀኑና ወሩ አሻሚ ሲሆኑ ቀድሞ የሚመጣውን ቀን እንደ ማብቂያ መውሰድ ከስሕተት ይጠብቃል።

በቤት ውስጥ የሚያጋጥሙ ምልክቶች

የልብስ ምልክቶች፦ ውኃ የያዘ ሳፋ እጥበትን፣ ሦስት ማዕዘን በረኪናን፣ አራት ማዕዘን ማድረቅን፣ ካውያ መተኮስን፣ ክብ ደግሞ በባለሙያ የሚከናወን ጽዳትን ያመለክታሉ። በላያቸው ኤክስ ካለ ያ ተግባር የተከለከለ ነው። በሳፋው ውስጥ እጅ ከታየ ልብሱ በእጅ ብቻ መታጠብ አለበት። በአውሮፓ ልብሶች ላይ በሳፋው ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር ከፍተኛው የውኃ ሙቀት ሲሆን፣ በአሜሪካ ልብሶች ላይ ሙቀቱ በነጥቦች ሊገለጽ ይችላል። ጃፓን እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ገደማ ድረስ የራሷ ምልክቶች ስለነበሯት ከዚያ በፊት በተመረቱ የጃፓን ልብሶች ላይ የተለዩ ሥዕሎች ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

የማቀዝቀዣ ኮከቦች፦ በማቀዝቀዣ በረዶ ክፍል ላይ የሚታዩ ኮከቦች እንደ ሆቴል ኮከብ የጥራት ደረጃን አይገልጹም፤ የቅዝቃዜ መጠንን ይናገራሉ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት ኮከብ 12፣ ሦስት ኮከብ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። አራት ኮከብ ያለው ክፍል በዚሁ 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ ትኩስ ሥጋን ወይም ሌላ ምግብን ከመነሻው ለማቀዝቀዝ የሚችል ነው። ለበዓል የታረደ ሥጋን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ለሚያስብ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው።

የስፒናው ሥዕል፦ በመመሪያው ላይ የተሳለው ስፒና ዕቃው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይጠቁማል። ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች የአሜሪካን ወይም የጃፓንን፣ ሦስት ወፍራም አራት ማዕዘን እግሮች የእንግሊዝንና የበርካታ የባሕረ ሰላጤ አገሮችን፣ ሁለት ክብ እግሮች የአውሮፓን አሠራር ያሳያሉ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የተላከን ምድጃ ወይም ካውያ ስፒናውን ብቻ ቀይሮ መሰካት ዕቃውን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን የቮልት መጠን ማየት ያስፈልጋል።

ሌሎች ምልክቶች፦ በመመሪያ ውስጥ የሚታይ አምፖል ብዙ ጊዜ ጠቃሚ ምክርን ያመለክታል፤ በመሣሪያው ላይ መብራት እንደሚበራ አይገልጽም። የተሰረዘ ባለ ጎማ የቆሻሻ ማጠራቀሚያም ዕቃው ሲያረጅ ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል እንደሌለበት ያሳስባል።

የፀረ ተባይ ኬሚካሎች መለያ

የቀለም ስሕተት ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ከሚችልባቸው ምርቶች አንዱ ፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ መሠረት በዕቃው መለያ ግርጌ ላይ ያለው ባለ ቀለም መስመር የመርዛማነቱን ደረጃ ይገልጻል። ቀይ ከሁሉ የበለጠ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ አነስተኛ አደጋ ያላቸውን ያመለክታሉ፤ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ሲያዙ ከሌሎቹ ያነሰ አደጋ ላላቸው ይውላል። ይሁን እንጂ አረንጓዴ መስመር ያለው ኬሚካል ምንም ጉዳት የሌለው ወይም ለምግብ አቅራቢያ ሊቀመጥ የሚችል ነው ማለት አይደለም። አረንጓዴን ከልምላሜና ከደኅንነት ጋር የማያያዝ ልማድ እዚህ ላይ ሊያሳስት ይችላል።

በመስመሩ ላይ ጓንት፣ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ የፊት መከለያና የሚታጠብ እጅ የሚያሳዩ ትንንሽ ሥዕሎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ኬሚካሉ ሲበጠበጥ፣ ሌሎቹ ሲረጭ መደረግ ያለባቸውን ጥንቃቄዎች ያሳያሉ። የጓጉንቸር ሥዕል ኬሚካሉ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ የዓሣ ሥዕል ደግሞ ኬሚካሉ ወንዝና ሐይቅ እንዳይገባ ያሳስባል። ኬሚካልን ወደ ውኃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ መሸጥም ሆነ መግዛት እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ከገዢው ዓይን ያርቃል፤ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ሸማቾች ምን ሊያደርጉ ይገባል?

1. ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መመሪያው በሚገባቸው ቋንቋ መኖሩን መጠየቅ፤ ከሌለም ሻጩ ዋና ዋና ማስጠንቀቂያዎችን እንዲያስረዳና ዕቃውን አብርቶ እንዲያሳይ ማድረግ።

2. በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንደሰጠው ማወቅ። ሻጩን ማብራሪያ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

3. መመሪያው ለየትኛው አገር እንደተዘጋጀ መለየት። የስፒናው ሥዕል፣ የቀኑ አጻጻፍ፣ የጽሑፉ ቋንቋና የገጹ አከፋፈት ይህንን ይናገራሉ።

4. ትርጉሙን እርግጠኛ ያልሆኑበትን ምልክት በግምት አለመተርጎም፤ በተለይ መድኃኒት፣ ኬሚካል፣ ኤሌክትሪክና ቡታጋዝ ሲሆን ባለሙያ መጠየቅ።

5. በቤት ውስጥ ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕፃናትና የቤት ሠራተኞች ካሉ የምልክቶቹን ትርጉም በቃል ማስረዳት፤ ከዚያም የተረዱትን መልሰው እንዲናገሩ መጠየቅ። «ገባኝ» የሚል መልስ ብቻውን በቂ አይደለም።

6. ደረሰኙን፣ መመሪያውንና በማሸጊያው ላይ ያለውን መለያ ዕቃው አገልግሎት እስከሚያበቃ ድረስ መያዝ፤ ቅሬታ ሲያጋጥምም ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት ከነዚሁ ማስረጃዎች ጋር ማቅረብ።

አስመጪዎችና አምራቾችስ?

የአጠቃቀም መመሪያ አዘገጃጀትን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2019 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መመሪያ የሚጠቀምበትን ሰው ማንነትና ችሎታ ታሳቢ አድርጎ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። ከዚህ አንጻር ጽሑፉን ብቻ ወደ አማርኛ መተርጎም በቂ አይሆንም። 8 ሰዓት ላይ የተሳለው ሰዓት ካልተስተካከለ፣ የቀኑ አጻጻፍ ካልተብራራ፣ ስፒናው በአገር ውስጥ በሚሠራበት ዓይነት ካልተተካ የተተረጎመው ቃልና ሥዕሉ እርስ በርስ ይጣረሳሉ፤ በዚህም ጊዜ ብዙ ሰው የሚያምነው ሥዕሉን ነው። አስመጪዎችና የአገር ውስጥ አምራቾች ሥዕሎቻቸውን ከማሳተማቸው በፊት ምርቱን ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች አሳይተው ምን እንደተረዱ ቢጠይቁ አነስተኛ በሆነ ወጪ ከፍተኛ ጉዳት መከላከል ይችላሉ።

የመመሪያ ሥዕል ሠዓሊው በአካል በሌለበት የሚሰጥ ምክር ነው። ሸማቹ ምክሩ ለማን እንደተሰጠ መርምሮ፣ ያልገባውን ጠይቆ ሲጠቀምበት ራሱንም ቤተሰቡንም ከአደጋ ይጠብቃል።